የቤተ ሰብ ምክር፤ ስለ መኪና ሞላና አሞርዛተር አመራረጥ



ቤት የሚገዛ ሰው መሠረቱንና ጣሪያውን ይመረምራል። መኪና የሚገዛ ሰው ግን ብዙ ጊዜ የሚመረምረው ቀለሙንና ሞተሩን ነው። በመኪናው አካልና በጎማው መካከል ተሸሽጎ የቤተ ሰቡን ወገብ፣ ከዚያም አልፎ ሕይወቱን የሚጠብቀውን ነገር የሚጠይቅ ሰው ጥቂት ነው። ስለዚህ በዛሬው ጽሑፋችን በጋራዥ ሰው አፍ ሞላ፣ ባሌስትራና አሞርዛተር፣ በዛሬው ወጣት አፍ ደግሞ ሾክ ስለሚባሉት ዕቃዎች አመራረጥ ጥቂት ልንናገር አሰብን።

ነገሩን በምሳሌ ለማስረዳት የሐዋሳን ከተማ፣ ከርስዋም የታቦርን ክፍለ ከተማ እንወስዳለን። ሐዋሳ ከአዲስ አበባ ወደ ደቡብ 275 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ በሐይቋ ዳር የተቀመጠች፣ ከ2012 ዓ.ም. ጀምሮም የሲዳማ ክልል ዋና ከተማ የሆነች ናት። ስሙ ከመጽሐፉ ተራራ ጋራ አንድ የሆነው የታቦር ኮረብታም ከሐይቁ አጠገብ ቆሞ ከተማይቱን ይመለከታል። ከተማይቱ አብዛኛው መሬቷ ሜዳ ስለ ሆነ መንገዷ ለመኪና ቀላል ይመስላል። ዳሩ ግን ከአስፋልቱ ወጥቶ ወደ ሰፈር የሚገባ ሰው የኮብልስቶን ንጣፍ፣ ቀጥሎም ያልተነጠፈ አፈር፣ በመካከሉም የፍጥነት መቀነሻ ጕብታ ያገኛል። ባጃጁ፣ ብስክሌቱ፣ እግረኛውና ከትምህርት ቤት የሚመለሰው ሕፃን ሁሉ በዚሁ ጐዳና ይተላለፋሉ። እንግዲህ አንድ መኪና በአንድ ቀን ሦስት ዓይነት መንገድ የሚረግጥ ከሆነ፣ ለአንዱ መንገድ ብቻ የሚስማማ ሞላ ማግባት ጥበብ አይሆንም።

አባቶቻችን ይህን ነገር በበቅሎ ያውቁት ነበር። ሰጋር በቅሎ በውድ ዋጋ የምትፈለገው ከፈረስ ፈጥና ስለምትሮጥ አልነበረም፤ በላይዋ የተቀመጠውን ሰው ሳታንገላታ ስለምታደርስ፣ በገደልም አፋፍ እግሯን አጽንታ ስለምትረግጥ ነው። ምቾትና አካሄድ በአንዲት በቅሎ ተስማምተው ሲገኙ ዋጋዋ ከፍ ይላል። በአውሮፓም ኦባዲያ ኤሊየት የተባለ እንግሊዛዊ፣ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1804፣ ከብረት ዝርግ የተደራረበውን ባሌስትራ ለሠረገላ አበጅቶ የፈጣሪነት መብት አገኘበት። በ1900 ዓ.ም. ቤንትሊ የተባለው እንግሊዛዊ ለዳግማዊ ምኒልክ አውቶሞቢል ባመጣ ጊዜም የዘመኑ መኪና አብዛኛው በእንዲህ ያለ ባሌስትራ ላይ የተቀመጠ ነበር። ፈረንሳዮችም እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1948 ሲትሮኤን ዶ ሼቮ የተባለውን የገበሬ መኪና በፓሪስ ሲያሳዩ፣ ለመሐንዲሶቹ አስቀድሞ የተሰጣቸው ትእዛዝ መኪናው አንድ ቅርጫት እንቁላል ጭኖ የታረሰ ማሳ ሲያቋርጥ አንዱም እንዳይሰበር የሚል ነበር ይባላል። እኛም መኪናችን የሚጭነው ከእንቁላል የከበረ ነገር መሆኑን እናስብ።

አሁን የሁለቱን ሥራ ለይተን እንይ። ሞላ የመኪናውን ክብደት ይሸከማል፤ ጎማው ጕብታ ሲመታ ይጨመቃል፤ የተቀበለውንም ኃይል መልሶ ይሰጣል። ዳሩ ግን አንድ ጊዜ ሰጥቶ ዝም አይልም፤ ብቻውን ቢተው መኪናውን ደጋግሞ ያነጥረዋል። ይህን የሚገታው አሞርዛተር ነው። በውስጡ ፒስቶን በዘይት መካከል ይመላለሳል፤ ዘይቱም በጠባብ ቀዳዳ ለማለፍ ሲታገል የመንጠሩ ኃይል ወደ ሙቀት ተለውጦ ይጠፋል። ስለዚህ ክብደት የሚሸከመው ሞላ፣ እንቅስቃሴን የሚገታው አሞርዛተር ነው። መኪናዬ ወደ ታች ተቀመጠ የሚል ሰው አሞርዛተር ቢለውጥ ብዙ ጊዜ ገንዘቡን ያባክናል፤ መኪናዬ ይዘላል የሚል ሰውም ጠንካራ ሞላ ቢያስገባ ችግሩን ያብሳል።

ስለ ሞላ አመራረጥ ብዙ ሰው የሚሳሳተው፣ የጠነከረ ሁሉ የተሻለ ይመስለዋልና ነው። የቤት መኪና አካሉ በአንድ ሴኮንድ ከአንድ እስከ አንድ ተኩል ጊዜ ያህል ቢወዛወዝ ለሰው ይስማማል፤ ይህም ከእግር ርምጃችን የማይርቅ በመሆኑ ሰውነታችን የለመደው ነው። ሞላው ሲጠነክር ውዝዋዜው ይፈጥናል፤ ወገብና አንገትም ይቈስላል። ደግሞም የሞላው ሽቦ ውፍረት በጥቂት ቢጨምር ጥንካሬው በብዙ ይጨምራል፤ ሌላው ሁሉ እኩል ሆኖ ሽቦው ከመቶ 10 እጅ ቢወፍር ጥንካሬው ከመቶ 46 እጅ ያህል ከፍ ይላል። መኪናን ዝቅ ለማድረግ ከሞላው አንድ ጥምዝ መቍረጥም የቀረውን ያጠነክረዋል እንጂ አያለሰልሰውም።

ጠንካራ ሞላ በለሰለሰ አስፋልት ላይ መኪናው በመታጠፊያ እንዳያጋድል መርዳቱ እውነት ነው። በኮብልስቶን ላይ ግን ጎማው ከድንጋይ ወደ ድንጋይ ይዘላል። ከመሬት የተነሣ ጎማ ደግሞ ፍሬን አይዝም፤ መሪም አይሰማም። በድንገት ሕፃን ከመንገድ ቢገባ መኪናው የሚቆምበትን ርቀት የሚወስነው ፍሬኑ ብቻ አይደለም፤ ጎማውን ከመሬት ጋራ የሚያገናኘው ሞላና አሞርዛተር ጭምር ነው። ስለዚህ ምቾትንና መልካም አካሄድን እንደ ሁለት ባላጋሮች የሚቈጥር ሰው ተሳስቷል፤ በሸካራ መንገድ ላይ ሁለቱ አብዛኛውን ጊዜ ወዳጆች ናቸው።

አሞርዛተርም ከሞላው ጋራ መስማማት አለበት። ለስላሳ ሞላ ላይ እጅግ ጠንካራ አሞርዛተር ቢገባ ጎማው ወደ ጕድጓዱ ለመውረድ ይዘገያል፤ ጠንካራ ሞላ ላይ የደከመ አሞርዛተር ቢገባ ደግሞ የሚገታው ያጣል። ባለ ዘይት ብቻ የሆነው ለከተማ ቀስታ ጕዞ ይበቃል። ጋዝ የተጨመረበት ግን ዘይቱ አረፋ እንዳያወጣ ስለሚከለክል በረጅም ሸካራ መንገድ ይጸናል፤ በትንንሽ ድንጋይ ላይ ጥቂት የሚጠነክር ሆኖ ይሰማል።

እንግዲህ በሦስት ወገን ከፍለን እንምከር። እንደ ኮሮላና እንደ ቪትዝ ያለ የቤት መኪና ላለው ሰው ምክራችን ፋብሪካው ባዘዘው ልክ የተሠራ ሞላና አሞርዛተር እንዲያስገባ ነው። ጕብታ እንዳይነካው ብሎ በሞላው ላይ ወፍራም ጎማ አስገብቶ መኪናውን ማስነሣት፣ የክብደቱን መካከል ከፍ ያደርጋል፤ ኃይል ወደ ጎማ የሚያደርሰውንም ዘንግ መገጣጠሚያ ያጣምማል።

ሁለተኛው የመሥሪያ ቤት ፒክ አፕ ነው። የኋላ ባሌስትራው ለጭነት የተሠራ ስለ ሆነ ባዶውን ሲሄድ ይዘላል። ሹማምንት አንባቢዎቻችን ለከተማ ሥራ መኪና ሲመርጡ ይህን እንዲያስቡ እናሳስባለን፤ ሹፌሩ በዚያ ወንበር ላይ የሚውለው ከርሳቸው ይልቅ ረጅም ሰዓት ነውና። ጭነት የማይጭነውን መኪና ተጨማሪ የባሌስትራ ዝርግ ማስጨመርም ፍጹም አያስፈልግም።

ሦስተኛው ባጃጅ ነው። በፊት አንድ፣ በኋላ ሁለት ጎማ ብቻ ያለው በመሆኑ ከፍ ማድረግ ለመገልበጥ ያጋልጠዋል። ነፍሰ ጡርም ሕመምተኛም የሚሳፈሩበት ስለ ሆነ የደከመ አሞርዛተሩን ቶሎ መለወጥ የባለ ንብረቱ ግዴታ ነው፤ ከልኩ በላይ ሰው መጫንን ግን ጠንካራ ሞላ አያድነውም።

ገንዘብ ከማውጣት በፊት ግን ምርመራ ይቅደም። አስቀድሞ የጎማው ንፋስ በልኩ መሆኑ ይታይ፤ ብዙ መኪና የሚንገጫገጨው ንፋሱ ከልክ ስላለፈ ነውና። ቀጥሎ የመገጣጠሚያው ጎሚኒ ይመርመር፤ የሚንኳኳው ብዙ ጊዜ እርሱ ነው። ከዚያም በመኪናው በአንድ ማዕዘን ላይ በሁለት እጅ አጥብቆ ተጭኖ መልቀቅ ነው። ተነሥቶ አንድ ጊዜ ወርዶ ቢቆም ደኅና ነው፤ ደጋግሞ ቢወዛወዝ አሞርዛተሩ ሞቷል። ይህ ፈተና ግን በከፊል የደከመውን አያጋልጥምና፣ በአካሉ ላይ የሚወርድ ዘይትና በየቦታው ተቦርቡሮ የተበላ ጎማ ቢታይ ያም ምልክት ነው።

ሲለወጥም ግራና ቀኙ በአንድነት ይለወጥ፤ አንዱ አዲስ አንዱ አሮጌ ሲሆን መኪናው በፍሬን ጊዜ ወደ አንድ ወገን ያዘነብላል። ጎሚኒ ያለበት ቡሎን የመጨረሻው ማጥበቅ መኪናው በጎማው ቆሞ ሳለ ይሁን፤ ተንጠልጥሎ የተጠበቀ ጎሚኒ ተጠምዝዞ ቶሎ ይቀደዳል። ከሥራው በኋላም የጎማው አቅጣጫ ይስተካከል። ከሁሉም ይልቅ የተጨመቀ ሞላ ሲያመልጥ ሰው የሚገድል መሣሪያ ነውና፣ ተገቢ መጨመቂያ በሌለበት ጋራዥ ልጅ እግር ሠራተኛ በገመድ አስሮ እንዲፈታው አይታዘዝ። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል እንደሚባለው፣ በችኮላ የተሠራ ሥራ በመንገድ ላይ ዋጋ ያስከፍላል።

የቤተ ሰብ አባት የሆነ ሁሉ በሚመጣው እሑድ ከመኪናው ጎን ጐንበስ ብሎ ከጎማው በስተ ጀርባ ቢመለከት፣ ዘይት የረጠበ አሞርዛተር ካለ በአንድ ደቂቃ ያገኘዋል። ያን ያገኘ ሰው ለጌጥና ለቀለም ያሰበውን ገንዘብ ወደዚያ ቢያዞር፣ ከርሱም ከቤተ ሰቡም ሌላ በጐዳና ላይ የሚያልፈውን የማያውቀውን ሰው ልጅ ጠበቀ ማለት ነው።