ወፍ ለማየት አገር ቤት መሄድ፦ በዓመቱ አጋማሽ ጉዞ ላይ ያለን አስተያየት

ባለፈው ወር ከክፍል ጓደኞቻችን አንዱ፣ የዚህ አገር ተወላጅ የሆነ የሥነ ሕይወት ተማሪ፣ ሁለት ገጽ ወረቀት ይዞ ወደ ማኅበራችን ክፍል መጣ። በወረቀቱ ላይ የሠፈረው በሕይወቱ ለመጀመሪያ ጊዜ ወደ ትሮፒክ አገር ሄዶ ወፍ ለመመልከት ያወጣው ዕቅድ ነበር። የመረጠው አገር ኢትዮጵያ ነው። «እናንተ የአገሩ ልጆች ናችሁና እዩልኝ፤ የተሳሳትኩትን አርሙልኝ» አለን። ወረቀቱን ከእጅ ወደ እጅ ተቀባበልነው። ገፈርሳ፣ ጀማ ሸለቆ፣ ሳነቴ፣ ነጌሌ ቦረና፣ ያቤሎ እያለ ይቀጥላል። ከተዘረዘሩት ቦታዎች ግማሹን እንኳ በዐይኑ ያየ ከመካከላችን አልተገኘም። ከወፎቹማ በስም የምናውቃቸው ቁራ፣ ቆቅ፣ ጅግራና ሽመላ ብቻ ሆነው ተገኙ። እውነቱን ለመናገር አፈርን።

ልጁ ወረቀቱን ይዞ ከሄደ በኋላ ግን ክርክሩ በእኛው መካከል ቀጠለ። ከፊሎቻችን ማኅበሩ በዓመቱ አጋማሽ ዕረፍት የራሱን አነስተኛ ቡድን ወደ አገር ቤት ይላክ፣ ወፎቹን እኛም እንይ፣ እንመዝግብ አልን። ሌሎች አባሎች ደግሞ ይህ የጠገበ ሰው ጨዋታ ነው ሲሉ አጥብቀው ተቃወሙ። ይህ ጽሑፍ ጉዞውን የምንደግፈውን ወገኖች አስተያየት ያቀርባል። የተቃዋሚዎቹን ሐሳብ ግን ንቀን አናልፈውም።

«ሕዝብ የዕለት ጉርሱን በሚያስብበት አገር ወፍ ቆጥሮ መመለስ ምን ይባላል?» የሚለው ጥያቄ ቀላል ጥያቄ አይደለም። በሰው አገር ተቀምጠን፣ እየተቆጠረች በምትሰጥ ገንዘብ የምንማር ሰዎች፣ ከመዋጮአችን ላይ ለመኪና ኪራይ ስናወጣ ልንጠየቅ ይገባል። ይሁን እንጂ ጥያቄው ወፉንና ሕዝቡን ለያይቶ ከማየት የመጣ ይመስለናል። የሊበንን ሜዳ እንውሰድ። በነጌሌ አጠገብ ባለው በዚህ የሣር ሜዳ ላይ፣ በሣር መካከል ሹልክ ሹልክ የምትል ትንሽ ቡናማ ወፍ አለች፤ መጻሕፍቱ የሊበን ላርክ ይሏታል። በሳይንስ መዝገብ የገባችው እ.ኤ.አ. በ1975 ነው። ጎጆዋን የምትሠራው በሣር ሥር ስለሆነ ሣር ከሌለ እርሷም የለችም። ሜዳው ግን በእርሻ ተቆርሷል፤ ቁጥቋጦ ወሮታል፤ የቀረውም ከልክ በላይ በመጋጡ ሣሩ ከመሬት ጋር ተላትሟል። በዚህ የተነሣ ወፊቱ በዓለም ላይ ለመጥፋት እጅግ ከተቃረቡት ተርታ ተመድባለች። ለመሆኑ ሣሩ ሲያልቅ የምትራበው ወፊቱ ብቻ ናትን? የቦረናው ላምም ትራባለች። ለዚህም ነው ወፊቱን ለማዳን የተነሡ ሰዎች መፍትሔውን ከአርብቶ አደሩ የቆየ ልማድ ያገኙት፤ ይኸውም ካሎ የሚባለው፣ ለክፉ ቀን ለጥጃና ለደካማ ከብት ሣር ከልሎ የማቆየት ሥርዓት ነው። ካሎው ሲከበር ሣሩ ያድጋል፤ ጥጃውም ወፊቱም ይጠቀማሉ። እንግዲህ ሊበን ደርሶ ወፊቱን አይቶ ስለ ግጦሹ ሳይጠይቅ የሚመለስ ሰው ካለ፣ ተቃዋሚዎቻችን እርሱን ቢወቅሱ ከእነርሱ ጋር እንቆማለን።

የበርጋ ረግረግም እንዲሁ ነው። ከአዲስ አበባ በስተምዕራብ በሚገኘው በዚህ ረግረግ ውስጥ ክንፈ ነጭ የሆነች፣ ለዐይን እጅግ የምታስቸግር ትንሽ የውኃ ወፍ እንደምትራባ የታወቀው እ.ኤ.አ. በ1997 ነው። ከዚያ ወዲህ የአካባቢው ነዋሪዎች ረግረጉን የሚጠብቅ ቡድን አቋቋሙ፤ ለልጆቻቸውም ትምህርት ቤት ተሠራ። ይህን ሥራ ከነዋሪዎቹ ጋር ሲያካሂድ የቆየው እ.ኤ.አ. በ1966 የተመሠረተው የኢትዮጵያ የዱር እንስሳትና የተፈጥሮ ታሪክ ማኅበር ነው። ማኅበሩ እ.ኤ.አ. በ1996 ለወፎች ልዩ ጠቀሜታ ያላቸውን 69 ቦታዎች ለይቶ አሳውቋል። እኛ ከዝርዝሩ ስንቱን እናውቃለን? በመንደር ቋንቋ «ወፍ የለም» ማለት ምንም ነገር የለም ማለት ነው። ከ850 በላይ የወፍ ዓይነት የተመዘገበበት አገር ልጆች ይህን አነጋገር እንዴት እንደለመድነው ይገርማል።

ወደ ዕቅዱ እንመለስ። የጓደኛችን የመጀመሪያ ስሕተት «ትሮፒክ» የሚለውን ቃል ማመኑ ነው። ሻንጣው ውስጥ የሚያስገባው ቁምጣና ስስ ሸሚዝ ብቻ ነበር። አገራችን በካርታ ላይ በሞቃቱ ቀበቶ ውስጥ መሆኗ እርግጥ ነው፤ ነገር ግን የባሌው ሳነቴ ከባሕር ጠለል በላይ 4,000 ሜትር ገደማ ከፍታ አለው፤ ቱሉ ዲምቱም 4,377 ሜትር ይደርሳል። በጥር ሌሊት ውኃው በረዶ ይሠራል። ከፍታ ያልለመደ ሰው በመጀመሪያው ቀን ራሱን ያመዋል፤ ትንፋሹም ያጥራል። ስለዚህ ወደ ሳነቴ ከመውጣት በፊት ጥቂት ቀናት ደጋ ላይ ማሳለፍ ይገባል። ወፍራም ሹራብና ጋቢ ይያዝ። (ጋቢ አጣጥፎ መኪና ውስጥ ለመቀመጥም ይሆናል፤ ይህን ለጓደኛችን ስንነግረው ሳቀ፤ ግን ጻፈው።)

በሌላ በኩል ስምጥ ሸለቆው ወባማ ነው። እዚህ ላይ ለራሳችን ለአባሎች የምንናገረው አለ። «እኛ የአገሩ ልጆች ነን፣ ወባ አይነካንም» የሚለው ፉከራ አደገኛ ነው። በወባማ አገር ያደገ ሰው በሰውነቱ ያጠራቀመው መከላከያ በሌላ አገር ጥቂት ዓመታት ሲቀመጥ ይቀንሳል። ደጋ ያደገውማ ቀድሞም አልነበረውም። ስለዚህ ለእንግዳው የሚታዘዘው ኪኒን ለእኛም ይታዘዝ።

ወቅቱን በሚመለከት ረጅሙ ዕረፍታችን የሚውለው በክረምት ነው። ክረምት የበርጋዋ ወፍ የምትራባበት፣ ብዙ ትናንሽ ወፎችም ደማቅ ልብሳቸውን የሚለብሱበት ጊዜ ስለሆነ ጭራሽ የሚናቅ አይደለም። ነገር ግን ለመጀመሪያ ጉዞ ጭቃው ያስመርራል። በዓመቱ አጋማሽ፣ በጥርና በየካቲት፣ መንገዱ ደርቋል፤ ውኃው ስለሚሸሽ የውኃ ወፎች በቀረው ዳርቻ ይሰበሰባሉ፤ ከአውሮፓና ከእስያ የሚሰደዱትም ገና አልተመለሱም። የቦረና ዝናብ ደግሞ ከደጋው የተለየ መሆኑን ማወቅ ያስፈልጋል፤ ዋነኛው ዝናባቸው በመጋቢትና በግንቦት መካከል፣ ሁለተኛው በጥቅምትና በኅዳር ነው። ጓደኛችን ይህን አልጻፈም ነበር።

ከሁሉ የከፋው ግን የመንገዱ ዝርዝር ነው። በ14 ቀን ጀማን፣ አዋሽን፣ ባሌን፣ ነጌሌን፣ ያቤሎንና አርባ ምንጭን ለማዳረስ አስቧል። ያቤሎ ብቻ ከአዲስ አበባ ከ550 ኪሎ ሜትር በላይ ይርቃል። እንዲህ ያለው ሰው አገር የሚያየው በመኪና መስኮት ነው። ምክንያቱን ስንጠይቀው «400 ዓይነት ወፍ ማየት አለብኝ» አለን። ቁጥር ማሳደድ ይህን ሥራ ከሚያበላሹት ነገሮች ዋነኛው ነው ብለን እናምናለን። ቁጥሩን ለማሙላት ሲሉ የወፍ ድምፅ በመሣሪያ ደጋግመው እያሰሙ ወፉን ከጎጆው የሚያስወጡ አሉ። እንደ ሊበኗ ጥቂት ለቀሩት ወፎች ይህ ነውር ነው። የእኛ ቡድን ይህን እንዳያደርግ አስቀድሞ ይወሰን።

የእኛ ሐሳብ በአጭሩ ይህ ነው፦ ሁለት ቀን በአዲስ አበባ ዙሪያ፣ በእንጦጦና በገፈርሳ፤ ሁለት ቀን በዝዋይና በአብያታ ሻላ፤ ሦስት ቀን በሐዋሳና በወንዶ ገነት፤ አራት ቀን በባሌ፤ የቀረው ለመንገድ። አብያታ ላይ ወፍ ብቻ ሳይሆን የሐይቁ ዳርቻ ምን ያህል እንደሸሸ ይታይ፤ ውኃው ለመስኖና ለሶዳ ምርት ሲወሰድ ቆይቷል። በሐዋሳው አሞራ ገደል ደግሞ አባ ኮዳ የዓሣ አጥማጆቹን ትርፍራፊ እየጠበቀ ከሰው ጋር ትከሻ ለትከሻ ቆሞ ይውላል። ለጀማሪ ከዚህ የተሻለ ትምህርት ቤት የለም፤ ወፉ ትልቅ ነው፣ አይሸሽም፣ መነጽር እንኳ አይፈልግም።

ነጌሌን በተመለከተ እኛው ራሳችን አልተስማማንም። ግማሾቻችን የሊበንን ነገር ለክርክር ጠቅሰን ሊበንን ሳናይ መመለሳችን ያሳፍራል እንላለን። ሌሎቻችን የጸጥታው ሁኔታ ከወር ወር ስለሚለዋወጥ ቡድን ለአደጋ አናጋልጥም እንላለን። የደረስንበት ስምምነት ይህ ነው፦ ከጉዞው በፊት ባለው ሳምንት በቦታው ያሉ ሰዎች መንገዱ ደህና ነው ካሉን ወንዶ ገነትን ትተን ከሳነቴ በሐረና ደን በኩል ወደ ዶሎ መና፣ ከዚያም ወደ ነጌሌ እንወርዳለን። ካላሉን አንሄድም። ለሌሎቹም ቦታዎች ደንቡ ይኸው ነው።

ያቤሎን ለሚቀጥለው ጊዜ ማቆየታችን ቆጭቶናል። በያቤሎና በሜጋ አካባቢ እንጂ በዓለም ላይ በሌላ ቦታ የማይገኝ፣ ዐይኑ በሰማያዊ ቆዳ የተከበበ፣ ግራጫና ጥቁር የሆነ የቁራ ዘመድ አለ። የቦረና እረኛ ከከብቱ ጋር ሲያየው የኖረ ወፍ ነው። በሳይንስ ስም የወጣለት ግን እ.ኤ.አ. በ1938፣ አገሩ በጠላት ተይዞ ሳለ፣ በኢጣልያዊ ሊቅ ነው። ስሙም የአንድ ኢጣልያዊና የአንድ ጀርመናዊ መታሰቢያ ነው። ነጭ ሣር ላይ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1990 ከመንገድ የተነሣ አንድ ክንፍ ብቻ መሠረት ተደርጎ አዲስ የሌሊት ወፍ ዓይነት እ.ኤ.አ. በ1995 ተመዝግቧል፤ በላጢን የተሰጠውም ስም «ክንፍ ብቻ» እንደማለት ነው። (የሌሊት ወፍ ስንል ጥርስ ያላትን ማለታችን አይደለም፤ በሌሊት ነፍሳት የምታድን እውነተኛ ወፍ ናት። ለእርሷ የሚሆን የአማርኛ ስም በመካከላችን ያወቀ አልተገኘም።)

የስም ነገር ከተነሣ ጉዳዩ የሚከብደን እዚህ ላይ ነው። ይዘነው የምንሄደው የአፍሪካ ቀንድ ወፎች መጽሐፍ፣ እ.ኤ.አ. በ2009 የታተመው፣ በእንግሊዝኛ ነው። ከዚያ በፊት እ.ኤ.አ. በ1971 በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ የታተመው የኧርባንና የብራውን ዝርዝርም እንዲሁ ነበር። ከተማ ያደግን ሰዎች ከፍ ብሎ የሚበረውን ሁሉ «አሞራ» ብለን እንገላገላለን። ገበሬው ግን ጥንብ አንሳን ከንስር፣ ጭልፊትን ከጭላት ይለያል። በኦሮምኛና በሲዳምኛም ስሞች አሉ። ወፍ እንዳገሯ ትጮኻለች ይባላል፤ እንዳገሯ መጠራት ግን አላገኘችም። ስለዚህ ከቡድናችን አንድ ሰው ሥራው ስም መልቀም ብቻ ይሁን፤ እረኛውን፣ ዓሣ አጥማጁን፣ አሮጊቶቹን ይጠይቅ፣ ከየትኛው ቀበሌ እንደሰማው ጭምር ይጻፍ። አስጎብኚም ከአዲስ አበባ ይዘን አንሂድ፤ በየቦታው ያሉ የአካባቢ ልጆች ይቀጠሩ፣ ተገቢውም ይከፈላቸው።

መነጽሩ 8 በ42 የሚባለው ይበቃል። የመጀመሪያው ቁጥር ስንት ጊዜ አቅርቦ እንደሚያሳይ፣ ሁለተኛው የፊት መስተዋቱን ስፋት በሚሊ ሜትር ይናገራል። 10 የሚያቀርበው በጀማሪ እጅ ይንቀጠቀጣል። በአየር ማረፊያ ሊያስጠይቅ ስለሚችል ከዩኒቨርሲቲው ደብዳቤ ይዘጋጅ። በግድብ፣ በድልድይና በጦር ሠፈር አጠገብም መነጽር አይነሣ።

አንድ ነገር ልንጨምር። እ.ኤ.አ. በ2002 በሶርያ፣ በተድሙር አጠገብ፣ ከአካባቢው ጠፋ የተባለ መላጣ ራስ ወፍ ጥቂት ጥንዶች ተገኙ። እ.ኤ.አ. በ2006 በጀርባቸው መሣሪያ ታስሮ በሳተላይት ሲከታተሏቸው በሳዑዲ ዐረቢያና በየመን አልፈው፣ ቀይ ባሕርን ተሻግረው፣ ክረምታቸውን ያሳለፉት በእኛው ደጋ፣ ከአዲስ አበባ በስተሰሜን ነው። እ.ኤ.አ. በ2011 በጀመረው ጦርነት መካከል የተድሙር ወፎች ጠፉ። በየመጸው ብዙ ንስሮች ወደ 30 ኪሎ ሜትር በሚሰፋው በባብ ኤል መንደብ በኩል ወደ እኛ አገር ያልፋሉ፤ ሰፊ ባሕር ላይ የሚያነሣቸው ሞቃት አየር ስለማያገኙ ጠባቡን ይመርጣሉ። በዚያው ጠባብ ባሕር ወገኖቻችን በተቃራኒው አቅጣጫ በጀልባ ይሻገራሉ፤ ሁሉም አይደርሱም። ይህን ከተባባልን በኋላ በክርክሩ ምሽት ለጥቂት ጊዜ የተናገረ አልነበረም።

የጉዞው ጉዳይ በሚቀጥለው ጠቅላላ ስብሰባ በድምፅ ይወሰናል። የሚሄዱት ከስድስት አይበልጡም፤ ቅድሚያ የሚሰጠው ከአማርኛ ሌላ አንድ የአገራችንን ቋንቋ ለሚናገሩ ነው። ተቃዋሚዎቻችንም መልሳቸውን ጽፈው ያምጡ፤ በሚቀጥለው እትም ሳይቆረጥ ይወጣል። መነጽር ያላችሁ አባሎች ለማኅበሩ ክፍል አስታውቁ። እስካሁን ያገኘነው ሁለት ብቻ ነው፤ ከሁለቱም አንዱ በአንድ ዐይን ብቻ ነው የሚያሳየው።