ላላጨደም የሚሆን የመከር ምስጋና

በየዓመቱ ኅዳር ሲጋመስ በአሜሪካ የሚኖሩ ዘመዶቻችን የ“ምስጋና ቀን” ማዕዳቸውን ፎቶ ይልኩልናል። አንዳንድ ምእመናንም “እኛስ ለምን አናከብርም?” ብለው ይጠይቁናል።

አሜሪካ በዓሉን በኖቬምበር አራተኛው ሐሙስ፣ ካናዳ በኦክቶበር ሁለተኛው ሰኞ ታከብራለች። በጀርመን አብያተ ክርስቲያናት በኦክቶበር መጀመሪያ አካባቢ እህልና ፍራፍሬ በመሠዊያው ፊት ይደረደራል። በጋና የጋ ሕዝብ ሆሞዎ የተባለውን በዓል የሚያከብረው አባቶቹ ያለፉበትን ረሃብ እያሰበ ነው። በአገራችንም የኦሮሞ ወገኖቻችን ክረምቱ ሲያልፍ በኢሬቻ ያመሰግናሉ፤ ብሔራዊ የመከር በዓል ግን የለንም።

ፕሬዚዳንት አብርሃም ሊንከን እ.ኤ.አ. በ1863 የምስጋናውን ቀን ሲያውጁ አገራቸው በእርስ በርስ ጦርነት ላይ ነበረች። አዋጁ ሕዝቡ ሲያመሰግን መበለቶችን፣ ወላጅ አልባ ልጆችንና ሐዘንተኞችን በጸሎት እንዲያስብ ጠይቋል።

ይህ ለእኛ ሩቅ ታሪክ አይደለም። ጥቅምት 24 ቀን 2013 ዓ.ም. ጦርነቱ ሲጀመር በትግራይ አንበጣ የተረፈው እህል ገና ከማሳ አልተነሣም ነበር። የፕሪቶሪያ ስምምነት ጥቅምት 23 ቀን 2015 ዓ.ም. ከተፈረመ በኋላም በመቐለ መጠለያዎች የቀሩ፣ እርሻ እያላቸው የማያጭዱ ወገኖች አሉ። በእነርሱ ፊት “ስለ መከሩ እናመስግን” ማለት ቁስል መንካት አይሆንም ወይ? ጥያቄው ተገቢ ነው።

ቃሉ መልስ አለው። ዘሌዋውያን 23 የእስራኤልን በዓላት ሲዘረዝር፣ በመካከሉ ቁጥር 22 ላይ የማሳው ዳርና ቃርሚያው ለድሀና ለመጻተኛ እንዲተው ያዝዛል። በዘዳግም 26 ደግሞ የፍሬውን በኵራት ያመጣ ሰው አባቱ ስደተኛ እንደ ነበረ ይመሰክራል፤ ከሌዋዊውና ከመጻተኛው ጋርም ደስ ይለዋል። ያላጨደ ሰው በዚህ በዓል ቦታው የተጠበቀ ነው፤ እርሱ የሌለበት ማዕድ ሕጉን አላሟላም።

ስለዚህ አብያተ ክርስቲያናቶቻችን የመከር ምስጋና እሑድ ቢኖራቸው መልካም ነው እንላለን። ቀኑን ከኖቬምበር መቅዳት አያስፈልግም፤ ጤፉ ተወቅቶ ጎተራ ሲገባ፣ በጥር ይሁን። የከተማው ሰውም ከደመወዙና ከንግዱ በኵራቱን ያምጣ። የመጣው ሁሉ በዚያው ሳምንት ለመጠለያው ይድረስ፤ ከተፈናቀሉት ወገኖች አንዱም ጸሎቱን ይምራ። ይህ ካልሆነ በዓሉ ይቅርብን።

ማመስገን ያቃተው ወገን ካለም አይገደድ። ነቢዩ ዕንባቆም እርሻው እህል ባይሰጥ እንኳ በእግዚአብሔር ደስ እንደሚለው የተናገረው፣ ጩኸቱ እስከ መቼ እንደማይሰማለት አምላኩን ከጠየቀ በኋላ ነው። ጌታ ኢየሱስም እንጀራ ይዞ ያመሰገነው በተከዳባት ሌሊት ነበር፤ ያመሰገነበትንም እንጀራ ቆርሶ አካፈለ።