የዱቤው ደብተርና የሽያጩ ደብተር



በዚህ ወር የምንነጋገረው ስለ ግብር ነው። ገጹን ለመገልበጥ የቸኮላችሁ እንዳላችሁ እናውቃለን። ነገር ግን በቤታችሁ ሱቅ ያለው አባት፣ እንጀራ እየጋገረች ለምግብ ቤት የምታቀርብ እናት ወይም ባጃጅ የሚነዳ ወንድም ካለ ጥቂት ታገሡን።

ጊንጪ የደንዲ ወረዳ ከተማ ናት። ከአዲስ አበባ ወደ አምቦ የሚሄድ ሁሉ በመካከሏ ያልፋል። እዚያ ከአስፋልቱ ጥቂት ገባ ብሎ ሱቅ ያላቸው አጎት አሉን። ስኳር፣ ዘይት፣ ሳሙናና የባትሪ ድንጋይ ይሸጣሉ፤ በገበያ ቀን ደግሞ ከገጠር የሚመጣውን ኑግና ስንዴ ይገዛሉ። እኛም ትምህርት ቤት ሲዘጋ ከባንኮኒው ኋላ ቆመን ያደግን ነንና የምንጽፈው በሩቅ የሰማነውን አይደለም።

አጎታችን የሚታወቁበት አንድ ደብተር አላቸው፤ የዱቤ ደብተር። ማን፣ መቼ፣ ምን ያህል እንደወሰደ በተበዳሪው ፊት ይጻፋል፤ ሲከፈልም በፊቱ ይሰረዛል። በቅዱስ ቁርኣን ውስጥ ረጅሙ አንቀጽ፣ የአል-በቀራህ 282ኛው፣ ስለ ብድር መጻፍ መሆኑን መድረሳ የገባ ልጅ ሁሉ ያውቃል። አጎታችንም አንቀጹን አጥብቀው የያዙ ሰው ናቸው። እጅ በእጅ የሸጡትን ግን በሕይወታቸው ጽፈው አያውቁም። ስንጠይቃቸው ማስረጃቸው ከዚያው አንቀጽ ነበር፤ «እጅ በእጅ የሆነ ንግድ ባይጻፍ ነቀፌታ የለበትም ብሎ የለ?» ይሉናል። ልክ ናቸው፤ ብሏል። እኛም የመድረሳ ተማሪ ሆነን ለዚህ መልስ አጥተን ብዙ ዓመት ቆየን።

መልሱ የመጣው በ2009 ዓ.ም. ነው።

በ2008 በወጣው የገቢ ግብር አዋጅ ቁጥር 979 መሠረት የዓመት ሽያጩ ከ500,000 ብር በታች የሆነ ነጋዴ ደረጃ «ሐ» ይባል ነበር። መዝገብ የመያዝ ግዴታ አልነበረበትም፤ ግብሩም በቁርጥ ነው የሚወሰነው። መዝገብ ከሌለ ደግሞ ሽያጩን የሚያውቀው ማነው? ገማች ነው። ገማቾች በየሱቁ ዞሩ፤ መደርደሪያውን አይተው፣ የዕለት ሽያጩን በቃል ጠይቀው ሄዱ። በሐምሌ 2009 ግምቱ ይፋ ሲሆን በአምቦ፣ በወሊሶና በሌሎችም ከተሞች ነጋዴዎች ሱቃቸውን ዘጉ። የብዙዎቹ አቤቱታ አንድ ዓይነት ነበር፤ ይህን ያህል አንሸጥም የሚል።

አጎታችንም አቤት ለማለት ሄዱ። ማስረጃ አምጡ ቢባሉ ያላቸው ያው አንድ ደብተር ነውና የዱቤውን ደብተር በሻሽ ጠቅልለው ይዘው ቀረቡ። የተቀበላቸው ሰው ገጹን ገለጥ ገለጥ አድርጎ፣ «በዱቤ ይህን ያህል የሚሰጥ ሰው በጥሬው ስንት ይሸጥ ይሆን?» አላቸው። ደብተሩ ሌሎች ከእሳቸው የወሰዱትን እንጂ እሳቸው የሸጡትን አይናገርም። ለሰው ዕዳ ምስክር አቁመው ለራሳቸው ሽያጭ ምስክር አላቆሙም። ያን ጊዜ ነው ለእኛም የገባን። እጅ በእጅ የሆነው ንግድ ባይጻፍ ችግር የሌለው በገዢና በሻጭ መካከል ነው፤ ሁለቱም ተያይተው ተለያይተዋልና። ሦስተኛ ሰው መጥቶ «ስንት ሸጥክ?» ሲል ግን ያልተጻፈው ሁሉ የግምት ሲሳይ ይሆናል።

አሁን ነገራችንን ወደ ለንደን እንወስደዋለን፤ የአጎታችን የበኩር ልጅ እዚያ ታክሲ ይነዳልና። ባለፈው ዒድ ስልክ ሲደውል ሰላምታው ሳያልቅ ስለ ግብር ማማረር ጀመረ። በብሪታንያ በራሱ ሥራ የሚያድር ሰውና ቤት አከራይ ሂሳቡን በሶፍትዌር እየያዘ በየሦስት ወሩ ለግብር መሥሪያ ቤቱ እንዲልክ ተደንግጓል። ወጪ ሳይቀነስ ገቢው ከ50,000 ፓውንድ በላይ የሆነው እ.ኤ.አ. ከአፕሪል 6 ቀን 2026፣ በእኛ መጋቢት 28 ቀን 2018 ጀምሮ፤ ከ30,000 በላይ የሆነው በ2027፤ ከ20,000 በላይ የሆነው በ2028 ይገባበታል። የልጁ ተራ የ2027ቱ ነው። «ግብር በዓመት አራት ጊዜ ሊያስከፍሉን ነው!» ይላል።

እኛ ግን ደንቡን አገላብጠን አይተነዋልና አረጋጋነው። በየሦስት ወሩ የሚላከው የገባውና የወጣው ድምር ነው እንጂ ገንዘብ አይደለም። መላኪያው ኦገስት 7፣ ኖቬምበር 7፣ ፌብሩዋሪ 7 እና ሜይ 7 ነው፤ የመክፈያው ቀን እንደ ቀድሞው በጃንዋሪና በጁላይ መጨረሻ ይቆያል። በአንዱ ሩብ ዓመት የተሳሳተ ቁጥር በሚቀጥለው ይታረማል፤ ምክንያቱም ድምሩ ከዓመቱ መጀመሪያ እየተጠራቀመ የሚሄድ ነው። በመጨረሻም የዓመቱን ማስታወቂያ እዚያው በሶፍትዌሩ ያረጋግጣል። በነፃ የሚሠሩ ሶፍትዌሮችም አሉ፤ ሂሳቡን በኤክሴል የለመደም ከመሥሪያ ቤቱ ጋር የሚያገናኝ ፕሮግራም ጨምሮ በዚያው መቀጠል ይችላል። ዋናው ፈተና ሌላ ነው። የነዳጁን ደረሰኝ ኪሱ ውስጥ አጨማዶ በዓመቱ መጨረሻ ለሂሳብ አዋቂ በከረጢት የሚያስረክብ ሾፌር ሶፍትዌር ቢገዛም የሚያስገባበት ነገር የለውም። ይህ ልጅ የአባቱ ልጅ መሆኑን ያወቅነው ያን ጊዜ ነው።

ይህን ወሬ ስንነጋገር ከአጠገባችን ሆና የምትሰማው የአጎታችን ታናሽ ልጅ፣ የአሥራ አንደኛ ክፍል ተማሪ ናት። «እኛስ ለምን አንሞክረውም?» አለች። ማንም አላዘዛት። በየሦስት ወሩ ማስታወቅ ለአገራችንም እንግዳ አልነበረም፤ በ1995ቱ የተርን ኦቨር ታክስ አዋጅ የደረጃ «ለ» ነጋዴ በየሦስት ወሩ ነበር የሚያስታውቀው። ልጅቷም የግብር ዓመታችን ከሐምሌ 1 ስለሚጀምር ዓመቱን በአራት ከፍላ፣ ከሐምሌ እስከ መስከረም ያለውን በስልኳ ሠንጠረዥ መሙላት ጀመረች። ማታ ማታ ሱቅ ሲዘጋ የቀኑን ሽያጭ፣ የተገዛውን ዕቃና የኪራዩን ትጽፋለች።

በመጀመሪያው ወር ሂሳቡ አልገጥም አለ። መሳቢያው ውስጥ ያለው ገንዘብ ከተጻፈው ያንሳል። ሌባ ተጠረጠረ፤ ድመትም ሳትቀር። በኋላ ሲጣራ ሌባው ቤቱ ራሱ ሆኖ ተገኘ፤ ለቡና የሚወሰደው ስኳር፣ ለልጆች የሚሰጠው የትራንስፖርት ብር፣ ለእንግዳ የሚከፈተው ዘይት። ከሱቅ ወደ ቤት የሚሄደውን ማንም ጽፎት አያውቅም። በነገራችን ላይ በየቤቱ «ንግዱ ተበላሸ» የሚባለው ስንት ጊዜ በዚህ መንገድ እንደሆነ አላህ ይወቀው!

የመስከረም መጨረሻ ላይ የሦስት ወሩ ድምር ወጣ። አጎታችን መነጽራቸውን አድርገው አዩት፤ ደግመው አዩት። በአራት ቢባዛ ባለፈው ሐምሌ በቃላቸው ካስታወቁት የዓመት ሽያጭ በግልጽ ይበልጣል።

«እንግዲህ ዋሽቻለሁ ማለት ነው?» አሉን።

«አላወቁም ነበር እንጂ አልዋሹም፣ አባባ።»

«አሁን ግን አውቃለሁ።»

ምን እንደምንላቸው ጠፋን። ብዙ ነጋዴ መጻፍን የሚፈራው በዚህ ምክንያት መሆኑን አንደብቅም። የተጻፈ ነገር ከገማች እጅ እንደሚያድን ሁሉ በራስ ላይም ይመሰክራል። ደግሞም ነገሩ በግብር ብቻ አይቆምም። ዘካ አለ። የንግድ ዕቃን ዘካ የሚያወጣ ሰው ዕቃውን፣ ጥሬ ገንዘቡንና ይመለሳል ብሎ ተስፋ የሚያደርገውን ዱቤ ደምሮ ከመቶ 2.5 ያወጣል፤ ዓመቱም የጨረቃ ዓመት ስለሆነ ከግብሩ ዓመት በ11 ቀን ያህል ያጥራል። ግብር መክፈል ዘካን አያስቀርም፤ ዘካ ማውጣትም ግብርን አያስቀርም። ሽያጩን በግምት የሚያውቅ ሰው ግን ዘካውንም በግምት ነበር የሚያወጣው። አጎታችንን ከግብሩ ይልቅ እንቅልፍ የነሳቸው ይህኛው ነበር።

ሕጉም ከ2009 ወዲህ ተለውጧል። በ2017 በጸደቀው የፌዴራል ማሻሻያ ደረጃዎቹ ከሦስት ወደ ሁለት ወርደው ወሰኑ 2 ሚሊዮን ብር ሆኗል። ገቢዎች ሚኒስቴር በኢ-ታክስ ማስታወቅን አምጥቷል፤ ግብር በቴሌብር መክፈልም ተጀምሯል። ስለዚህ ይህ ሥራ በየቤቱ ስልክ ለሚያውቀው ልጅ መውደቁ አይቀርም። ለወጣቶች አንድ ነገር እናስታውስ፤ የአባት የይለፍ ቃል አማና ነው። ኢንተርኔት ቤት ገብታችሁ ከሞላችሁ ሳትዘጉት አትውጡ፤ ያስታወቃችሁትንም አሳትማችሁ ለአባታችሁ አንብቡለት። እሱ ያላየውን ቁጥር በስሙ መላክ አይገባም።

ባለፈው ሳምንት ለጥየቃ ጊንጪ ሄደን ነበር። ሁለተኛው ሩብ ዓመት ተጀምሯል። ቡና እየተፈላ አክስታችን ከጓዳ ስኳር አለቀ ብለው ተጣሩ። አጎታችን ከመደርደሪያው ግማሽ ኪሎ አንሥተው ወደ ጓዳው ሲሄዱ ደጃፉ ላይ ቆም አሉና ወደ ልጃቸው ዞሩ።

«ጻፊው» አሏት። «የቤት ብለሽ።»