የማን ልጅ ነህ? ወይስ የማን ደቀ መዝሙር?

በዚህ ሰሞን ያናደደኝ ነገር ምስክርነት ነው። በሒሳብ አያያዝ ተመርቆ፣ ሥራ አጥቶ በአባቱ ቤት የተቀመጠ አንድ የሠፈራችን ወጣት ስልኩን ይዞ መጣና፣ «ጋሼ፣ እስቲ እዚህች ላይ ስለ ችሎታዬ ሁለት መስመር ይጻፉልኝ፤ የእርስዎ ቃል ክብደት አለው» አለኝ። ልጁ ጨዋ መሆኑን፣ ታላቅ ሲመጣ ከመቀመጫው መነሣቱን ዐውቃለሁ፤ ነገር ግን አንዲት ደረሰኝ እንኳ ሲመዘግብ በዓይኔ ያላየሁትን ሰው «የተመሰገነ የሒሳብ ባለሙያ» ብዬ ብጽፍ፣ «በሐሰት አትመስክር» የሚለውን ትእዛዝ መሻር ይሆንብኛልና እንቢ አልሁት።

የዚህ ዓምድ አንባቢ የእኔንና የስልክን የቆየ ጠብ ስለሚያውቅ ሐተታ አላበዛም። ልጁ ያሳየኝ፣ በ1995 ዓ.ም. በአሜሪካ ተከፍቶ፣ በ2008 ማይክሮሶፍት ከ26 ቢሊዮን ዶላር በሚበልጥ ዋጋ ሊገዛው የተዋዋለበትን፣ ሊንክድኢን የሚባለውን የሥራ ሰዎች መተዋወቂያ ነው። በገጹ ላይ ከሁለት ሺህ የሚበልጥ ትውውቅ ተቈጥሮለታል፤ ከነዚህ ውስጥ በአካል የሚያውቀው ስንቱን እንደሆነ ብጠይቀው ራሱን አከከ። በፎቶግራፉ ላይ የለበሰው ጥቁር ኮት፣ በከተማችን ፎቶ ቤት ከግድግዳው ምስማር ላይ ተንጠልጥሎ የሚኖረው፣ እጅጌው እስከ ጣት ጫፍ የሚወርደው ኮት ነው፤ ገጹን ወደ ታች ሳወርደው ሌሎች የቢቸና ልጆችም ያንኑ ኮት በየተራ ለብሰው፣ ያንኑ ክራባት አስረው፣ አንዱ ለሌላው «እንኳን ደስ ያለህ» ሲባባሉ አየሁ። «ኔትወርካችሁን አስፉ» እያለ ከከተማ ከተማ ስለሚዞረው አሠልጣኝም የምለው ጥቂት ነው፤ በሻይ ዕረፍቱ ከአንድ ሰው ጋር እንኳ ሳይነጋገር በስልኩ ላይ አቀርቅሮ አይቼዋለሁ።

እኔም የፊት ለፊት ትውውቅን ብልጫ ላሳየው ፈልጌ፣ በሚቀጥለው የገበያ ቀን ልጁን አስከትዬ፣ መዝገብ የሚይዝለት ሰው እንደሚፈልግ ወደ ሰማሁት የጤፍ ነጋዴ ሄድሁ። ሱቁ ከልጁ ቤት ሦስተኛው መንገድ ላይ ነው፤ ከሁለቱ ሺህ ወዳጆች አንዱም ይህን አልነገረውም። ነጋዴው በአክብሮት ተቀበለን፣ ኩርሲ አቀረበ፣ ልጁን ከእግር እስከ ራሱ ተመለከተው፤ ከዚያም እርሱን ትቶ ወደ እኔ ዞሮ፣ «የማን ልጅ ነው?» አለ። ነገርሁት። የአባቱ ስም ገንዘብም ሹመትም የሌለበት ስም ነበረና፣ ነጋዴው «መልካም፣ እንነጋገራለን» ብሎ ሸኘን፤ ሳምንት ሳይሞላ የእኅቱ ልጅ ከመዝገቡ ፊት ተቀምጦ ተገኘ። ዘመድ ከዘመዱ፣ አህያ ካመዱ!

እንግዲህ የዛሬውን ጽሑፍ ለፊት ለፊት ትውውቅ ውዳሴ ላደርገው አስቤ ሳለ፣ ብዕሬ ወደ ሌላ አቅጣጫ ሄደብኝ። አባቶቻችን በጌታ ደጅ ዓመት ከመንፈቅ ቆመው፣ ለእልፍኝ አስከልካዩ እጅ እየነሡ የፈጸሙት ደጅ ጥናትም በአካል የተደረገ ትውውቅ ነበረ፤ ነገር ግን የደጁን መክፈቻ የያዘው ብዙ ጊዜ ችሎታ ሳይሆን ትውልድ ነበረ። ክቡር ሐዲስ ዓለማየሁ በ1958 ዓ.ም. ባሳተሙት «ፍቅር እስከ መቃብር» ውስጥ በዛብህን ትምህርቱ እዚሁ ከጎረቤታችን ከዲማ፣ ከፊታውራሪ መሸሻ ቤት፣ የልጃቸው የሰብለ ወንጌል አስተማሪ አድርጎ ሲያስገባው፣ የዘር ጥያቄ ግን ከዚያ በላይ እንዳያልፍ የከለከለው ስለዚህ ነው። ነጋዴያችን ልቦለዱን ባያነበውም፣ ፊታውራሪን ከነሙሉ ክብራቸው ወርሷቸዋል።

ነገር ግን ያው ዲማ ጊዮርጊስ ሌላ ሥርዓትም ነበረው። ደበሎውን ለብሶ፣ አኮፋዳውን አንግቶ፣ «በእንተ ስማ ለማርያም» እያለ ከማያውቀው ደጅ የሚቆመው የቆሎ ተማሪ፣ ከጎንጅ ወደ ዲማ፣ ከዲማ ወደ ዋሸራ ሲሻገር በየደረሰበት ጉባኤ የሚቀርብለት ጥያቄ «ከማን ተማርህ?» የሚል ነበረ። መልሱን ከሰጠ በኋላም በመምህሩ ስም ብቻ አይታመንም፤ የቈጠረውን ቅኔ በመምህሩ ፊት ይነግራል፣ ቢሳሳት ይታረማል፣ ቢሠምርለት ይወደሳል። ድጓ የተማረው ወደ ቤተ ልሔም፣ ዝማሬና መዋሥዕት የተማረው ወደ ዙር አምባ ወርዶ ያስመሰክራል፤ የሚመሰክርለትም መምህር የባላገር ልጅ ይሁን የባላባት ሳይለይ፣ በጆሮው የሰማውን ይመሰክራል፤ ደቀ መዝሙሩ ቢያሳፍር የሚያፍረው እርሱ ነውና።

ከዘመድ ውጭ ያለ ትውውቅ እንደሚጠቅም የዘመኑ ጥናትም ይመሰክራል። ማርክ ግራኖቬተር የተባለው አሜሪካዊ በ1965 ዓ.ም. ባወጣው የታወቀ ጥናት፣ ሥራ የሚገኘው ከቅርብ ወዳጅ ይልቅ አልፎ አልፎ ከሚገናኙት ሰው በሚሰማ ወሬ መሆኑን አሳይቷል፤ በ2015 መስከረምም በሃያ ሚሊዮን የሊንክድኢን ተጠቃሚዎች ላይ የተደረገ ጥናት ወደዚያው ያዘነበለ ነገር አግኝቷል። የቆሎ ተማሪው ይህን በእግሩ ያውቀዋል። የዘመድ ወሬ ከዘመድ ቤት አያልፍምና፣ አጎት ለሌለው ልጅ ስልኩ መስኮት መክፈቱን እኔም አልክድም። ግን ከ2015 ክረምት ጀምሮ በክልላችን የሞባይል ኢንተርኔት ለወራት ሲዘጋ ያ መስኮት ስንት ወጣት ላይ እንደተከረቸመ አይተናል፤ መንገዱም በክልሉ በተነሣው ጦርነት ሳቢያ ሲዘጋ፣ በአካል መገናኘት ይሻላል የምንለውም አፋችን ተያዘ።

ስለዚህ ክርክሩን ከመገናኛው ወደ ምስክሩ አዛውሬዋለሁ። ልጁን መልሼ ጠራሁትና የዕድራችንን መዝገብ ከነደረሰኙ በፊቱ ዘረጋሁለት። እስከ ማታ አቀርቅሮ ገጽ በገጽ እየደመረ፣ የድንኳንና የወንበር ኪራይ ሁለት ጊዜ የተጻፈበትን ወር አገኘው፤ ገንዘብ ያዡም በመጀመሪያ ተቈጣ፣ ቀጥሎ ደመረ፣ ቀጥሎ ዝም አለ። እኔም ያን ጊዜ በሊንክድኢኑ ላይ «ይህ ወጣት የዕድር መዝገብ ሲያስተካክል በዓይኔ አይቻለሁ፤ የተጠራጠረ እኔን ይጠይቅ» ብዬ ስሜን ጻፍሁ። ገንዘብ ያዡ እስከ ዛሬ ሰላምታ ነሥቶኛል።

የቢቸናና የሞጣ ነጋዴዎች፣ የመሥሪያ ቤት ኃላፊዎች፣ የማኅበር ሊቃነ መናብርት ሆይ፤ ሥራ ፈላጊ ከፊታችሁ ሲቆም አባቱን ከመጠየቃችሁ በፊት የአንድ ወር ደረሰኝ ስጡት፤ ከሠራው በኋላም ለሌላው ቀጣሪ በስማችሁ መስክሩለት። እኛ ሽማግሎችም በሠርግና በተዝካር ላይ ለዘመዶቻችን የምናባክነውን አማላጅነት፣ ሥራውን ዐይተን ላረጋገጥንለት ለባዕድ ልጅ ብናውለው፣ በስልክ ይሁን በደብዳቤ ወይም በቃል፣ እኔ ግድ የለኝም።