ውኃ ቀጂው ባይኖር ማን ይጠጣ ነበር?

የዲዲዬ ዴሾ ስም በተነሳ ቁጥር ከንፈራቸውን የሚያጣምሙ የኳስ «ሊቃውንት» በዝተውብናል። «አብዶ የማይችል! ዕድለኛ! የኳስን ጣዕም ያጠፋ!» ይሉታል። ኧረ ለመሆኑ እናንተ ሰዎች ኳስ ስታዩ የምታዩት ምኑን ነው? ዛሬ እኔም የበኩሌን ልበል። (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።)

ስድቡን ያስለመደው የገዛ አገሩ ልጅ ኤሪክ ካንቶና ነው። በ1996 «ውኃ ቀጂ» አለው። ኳስ ነጥቆ ለባለ ተሰጥኦዎቹ የሚያቀብል አሽከር ነው እንጂ ምኑን ተጫዋች ሆነው ማለቱ ነበር። ይሁን፣ ውኃ ቀጂ ነው እንበል! እስቲ የቀዳውን እንቁጠር። በ1993 ማርሴይ ሚላንን 1 ለ 0 አሸንፎ የሻምፒዮንስ ሊግን ዋንጫ ሲወስድ አምበሉ እሱ ነው። ማርሴይ በዚያው ዓመት በጉቦ ቅሌት የአገሩን ሊግ ዋንጫ መነጠቁን አልሸሽግም፤ ጉቦው ግን ከቫሌንሲየን ጋር በተደረገው የሊግ ጨዋታ እንጂ በሚላኑ ፍጻሜ አልነበረም። በ1996 በጁቬንቱስ ማሊያ ደገመው። በ1998 የዓለምን፣ በ2000 የአውሮፓን ዋንጫ በአምበልነት አነሳ። ለአገሩ 103 ጊዜ ተሰለፈ። ተሳዳቢው ካንቶናስ? በዓለም ዋንጫ መድረክ አንድም ጨዋታ ሳይጫወት ጫማውን ሰቀለ!

«እነዚያን ተጫዋቾች ይዞ ማንም ያሸንፋል» ይባላል። ማንም? ዴሾ በ2000 ከብሔራዊ ቡድኑ ተሰናበተ። በ2002 ፈረንሳይ ሄንሪን፣ ትሬዝጌንና ሲሴን ይዛ ሄዳ አንዲት ግብ ሳታገባ ከምድቧ ወደቀች። በ2010 ደቡብ አፍሪካ ላይ ደግሞ ተጫዋቾቹ ልምምድ አንሠራም ብለው አድመው፣ አንድ ነጥብ ብቻ ይዘው አገራቸው ገቡ። ተሰጥኦ ጠፍቶ ነው? አይደለም! ውኃ የሚቀዳ ጠፍቶ ነው እንጂ!

ዴሾ ያንን የፈረሰ ቤት በ2012 ተረከበ። በ2018 ሞስኮ ላይ ክሮኤሺያን 4 ለ 2 ረትቶ፣ ከዛጋሎና ከቤከንባወር ቀጥሎ በተጫዋችነትም በአሰልጣኝነትም የዓለም ዋንጫን የወሰደ ሦስተኛው ሰው ሆነ። ከዚያ በፊትም ቢሆን ሞናኮን በ2004 ለሻምፒዮንስ ሊግ ፍጻሜ ያበቃ፣ ማርሴይን በ2010 ከ18 ዓመት በኋላ የሊግ ሻምፒዮን ያደረገ ነው። ይሄ ሁሉ ዕድል ነው?

«ፈሪ ነው» የሚሉም አሉ። በ2022ቱ ፍጻሜ በአርጀንቲና 2 ለ 0 ሲመራ፣ ገና ዕረፍት ሳይደርስ በ41ኛው ደቂቃ ዢሩንና ዴምቤሌን አስወጥቶ ቱራምንና ኮሎ ሙዋኒን አስገባ። ጨዋታው 3 ለ 3 አልቆ በሪጎሬ ተሸነፈ። ፈሪ እንዲህ ያደርጋል?

ከሁሉ የከፋው የ2016ቱ ነው። ካሪም ቤንዜማ በተከሰሰበት ጉዳይ ሰበብ ከአውሮፓ ዋንጫ ሲቀር፣ ካንቶና ምክንያቱ ዘሩ ሊሆን ይችላል አለ፤ ቤንዜማም አሰልጣኙ ለዘረኞች ግፊት ተንበረከከ ሲል ተናገረ። በዴሾ ቤት ግድግዳ ላይ «ዘረኛ» ተብሎ ተጻፈ። ፈረንሳይ ውስጥ ዘረኝነት የለም የሚል ቢኖር ይዋሻል። ነገር ግን ፖግባን፣ ካንቴንና ምባፔን የቡድኑ ምሰሶ ያደረገን ሰው በዘረኝነት መክሰስ ፍርደ ገምድልነት ነው! ቤንዜማንም ቢሆን በ2021 መልሶ የጠራው ራሱ ዴሾ ነው።

እንከን የለውም አላልኩም። በ2024ቱ የአውሮፓ ዋንጫ ቡድኑ ግማሽ ፍጻሜ የደረሰው በአንዲት ሪጎሬ፣ ተጋጣሚዎቹ በራሳቸው ላይ ባገቧቸው ሁለት ግቦችና በመለያ ምት ነው። እኔም እያዛጋሁ ነው ያየሁት። ይሄ ይነቀፍ፣ ይገባዋል! በጥር 2025 ደግሞ ከ2026ቱ የዓለም ዋንጫ በኋላ እንደሚለቅ በገዛ አፉ አስታወቀ።

አሰልጣኙን ውቀሱት፤ ሥራውን ግን አትናቁ። አብዶ ለሚሠራው ብቻ ስናጨበጭብ፣ ሮጦ የሚሸፍነውን ልጅ «አንተ ከንቱ ነህ» እያልነው መሆኑን አንርሳ። ደግሞስ ዋንጫ መጠጫ አይደለም እንዴ? ማንም ያልቀዳበት ዋንጫ ምን ይጠጣበታል?