ሙት ወቃሹ መከላከያ

ጆርጅ ፍሎይድ በሞተበት ሌሊት የሚኒያፖሊስ ፖሊስ ያወጣውን የመጀመሪያ መግለጫ የሚያስታውስ አለ? በመግለጫው ውስጥ ጉልበት የለም። አንገት የለም። 9 ደቂቃ ከ29 ሰከንድ የሚባል ነገር የለም። ፖሊስ በቁጥጥር ሥር ያዋለው ሰው «የጤና እክል» የገጠመው መሰለ፣ ሆስፒታል ተወሰደ፣ ሞተ። በቃ።

አንዲት የ17 ዓመት ልጅ በስልኳ ቀርጻ የለቀቀችው ቪዲዮ ዓለምን ሲያዳርስ ያንን መግለጫ ውሃ በላው። ግን አልሞተም። ከ10 ወር በኋላ ሱፍ ለብሶ፣ ከረባት አስሮ ፍርድ ቤት ገባ።

እ.ኤ.አ. ማርች 29 ቀን 2021 ክርክሩ ሲከፈት የዴሪክ ቾቪን ጠበቃ ኤሪክ ኔልሰን ለጁሪው የነገረው ታሪክ ባጭሩ ይህ ነው፦ ሰውየውን የገደለው የደንበኛዬ ጉልበት ሳይሆን የገዛ አካሉ ነው። የታመመ ልቡ፣ የደም ግፊቱ፣ የወሰደው ፈንታኒልና ሜታምፌታሚን፣ በትግሉ የፈሰሰው አድሬናሊን። አበሻ ስለ ሞተ ሰው ክፉ ሊናገር ሲል አስቀድሞ «ሙት ወቃሽ አያድርገኝ» ይላል። ይህ መከላከያ ያንን እንኳ ሳይል ነው የገባው። የተከሰሰው ቾቪን፣ የሚመረመረው ፍሎይድ!

እርግጥ ነው፣ ጠበቃ መሟገት ግዴታው ነው። የማስረዳት ሸክሙ የዐቃቤ ሕግ ነው፤ ተከላካይ ምንም ማስረዳት የለበትም። አምስት ምክንያት ደርድሮ አንዱም ባይጸና ግድ የለውም። የሚፈልገው ከ12ቱ መሃል «እንግዲህ ማን ያውቃል?» የሚል አንድ ሰው ብቻ ነው። ቾቪንም እንደ ማንኛውም ተከሳሽ ይህ መብት አለው። ስለዚህ ወቀሳው ለጠበቃው አይደለም። ወቀሳው ነጭ ጋዋን ለብሶ በዚህ ዝርዝር ላይ የሳይንስ ማኅተም ለሚመታ ሰው ነው። ጠበቃ ለደንበኛው ነው የቆመው። ሐኪም ግን ለማን?

እስቲ ዝርዝሩን አንድ በአንድ እንየው።

ዕፅ። በፍሎይድ ደም ውስጥ በአንድ ሚሊሊትር 11 ናኖግራም ፈንታኒል ተገኝቷል። ቁጥሩ ብቻውን ሲነገር ያስደነግጣል። ነገር ግን ፈንታኒል የሚገድለው ትንፋሽን እያዘገመ፣ ሰውን እያደነዘዘ፣ እያስተኛ ነው። ዐቃቤ ሕግ ያቀረበው የሳንባ ሐኪም ማርቲን ቶቢን ከቪዲዮው ላይ የፍሎይድን ትንፋሽ ቆጠረ፤ በደቂቃ 22 ጊዜ። ፈንታኒሉ እየገደለው ቢሆን ኖሮ ወደ 10 መውረድ ነበረበት። ደግሞስ በዕፅ ብዛት የሚሞት ሰው መተንፈስ አልቻልኩም እያለ ደጋግሞ ይለምናል?

ልብ። ልቡ 540 ግራም ይመዝን ነበር፤ ከደም ሥሮቹም አንዱ 90 በመቶ ጠብቧል። እውነት ነው፣ ጤነኛ ልብ አልነበረም። ግን ያው ልብ 46 ዓመት ሙሉ መትቷል። በዚያው ቀን ባለቤቱን ሱቅ አስገብቶ፣ ሲጋራ አስገዝቶ፣ አስወጥቶታል። የቆመው ሰው አንገቱ ላይ ሲንበረከክበት ነው።

ካርቦን ሞኖክሳይድ። እዚህ ላይ ነገሩ ላም ባልዋለበት ኩበት ለቀማ ሆነ። የመከላከያው ዋና የሕክምና ምስክር ዴቪድ ፋውለር፣ የሜሪላንድ ግዛት ዋና የአስከሬን መርማሪ የነበሩት፣ ከፖሊስ መኪናው የጭስ ማውጫ የወጣ ጋዝ ለሞቱ አስተዋጽኦ አድርጎ ሊሆን ይችላል አሉ። ፍሎይድ መመረዙን የሚያሳይ ምርመራ አለ? የለም፤ በመስቀለኛ ጥያቄ ራሳቸው አመኑ። በማግስቱ ቶቢን ተመልሶ ሒሳቡን ሠራ፦ ሆስፒታል ውስጥ የተለካው የደም ኦክስጅን 98 በመቶ ነበር፤ ስለዚህ ካርቦን ሞኖክሳይድ ቢኖር እንኳ ከ2 በመቶ ሊበልጥ አይችልም። ይህ በማንኛውም ሰው ደም ውስጥ ሊገኝ የሚችል መጠን ነው።

ፋውለር ይህን ሁሉ ደርድረው የደረሱበት መደምደሚያ የሞቱ ሁኔታ «ያልተወሰነ» ነው የሚል ነበር። ግን ፍሎይድ ልቡ ሲቆም አፋጣኝ እርዳታ ማግኘት ነበረበት ወይ ተብለው ሲጠየቁ፣ እንደ ሐኪም አዎን አሉ። ቶቢን እንዳሰላው፣ በሰውየው አካል ውስጥ የቀረ ኦክስጅን ካለቀ በኋላ ጉልበቱ ለ3 ደቂቃ ከ2 ሰከንድ አልተነሣም። ለዚህ የልብ በሽታም፣ ዕፅም፣ የመኪና ጭስም መልስ አይሆንም።

መከላከያው በጣም የተደገፈበት ሰነድ የሄነፒን አውራጃ ዋና የአስከሬን መርማሪ የአንድሩ ቤከር ሪፖርት ነው። ሪፖርቱ ሁለት ደረጃ አለው። ከላይ የሞቱ ምክንያት ተጽፏል፦ ፖሊስ ሰውየውን ሲቆጣጠር፣ አጣብቆ ሲይዝና አንገቱን ሲጫን የልብና የሳንባ ሥራ መቆሙ። የሞቱ ዓይነት፦ በሌላ ሰው ድርጊት። ከሥር ደግሞ «ሌሎች ሁኔታዎች» ተብለው የልብ በሽታውና ዕፁ ተዘርዝረዋል። የኔልሰን ሥራ የሥሩን መስመር ወደ ላይ ማውጣት ነበር። ቤከር ግን ምስክርነት ሲሰጡ እነዚህ የሞቱ ቀጥተኛ ምክንያት አይደሉም ብለው በሩን ዘጉት።

ሕጉም በዚሁ መንገድ ነው የሚሄደው። ዳኛ ፒተር ካሂል ለጁሪው እንዳስረዱት፣ የተከሳሹ ድርጊት ለሞቱ ዋነኛ አስተዋጽኦ ማድረጉ ይበቃል፤ ሌላ ምክንያት መታከሉ ተከሳሹን ነፃ አያወጣም። የታመመን ሰው የገደለ፣ ጤነኛ ባለመሆኑ ሊያመካኝ አይችልም። ኤፕሪል 20 ቀን 2021 ጁሪው በሦስቱም ክሶች ጥፋተኛ አለው። ቅጣቱ 22 ዓመት ተኩል ሆነ።

ብዙ ሰው ታሪኩን እዚህ ላይ ይዘጋዋል፤ ፍትሕ ተገኘ ይላል። ስሕተቱ ያ ነው። ይህ መከላከያ የተሸነፈው ደካማ ስለሆነ ሳይሆን ቪዲዮ ስላለ ነው። ቶቢን ትንፋሹን የቆጠረው ከምን ላይ ነው? የቾቪን ጫማ ጫፍ ከአስፋልት ሲነሣ ያየውስ? ካሜራው ባይኖር የሚቀረው ያ የመጀመሪያው መግለጫና አንድ የሐኪም ወረቀት ነበር።

ካሜራ በሌለበት ምን እንደሚሆን ደግሞ ሜሪላንድ አሳይታናለች። ከፋውለር ምስክርነት በኋላ ከ400 በላይ ሐኪሞች በፈረሙት ደብዳቤ የሥራ ዘመናቸው እንዲመረመር ጠየቁ። ግዛቲቱም ገለልተኛ ፓቶሎጂስቶችን ሰብስባ፣ በቁጥጥር ሥር እያሉ የሞቱ 87 ሰዎችን መዝገብ አስመረመረች። ውጤቱ በሜይ 2025 ወጣ። በ36ቱ መዝገቦች መርማሪዎቹ ሁሉ ያለ ልዩነት ሞቱ በሌላ ሰው ድርጊት የመጣ ነው አሉ፤ በሌሎች 5 መዝገቦች ደግሞ ከሦስቱ መርማሪዎች ሁለቱ እንዲሁ አሉ። መሥሪያ ቤቱ ግን በጊዜው አደጋ፣ የተፈጥሮ ሞት ወይም ያልተወሰነ ብሎ ነበር የዘጋቸው። ይህ ፖሊሶቹን ሁሉ ወንጀለኛ አያደርግም፤ ያንን የሚወስነው ፍርድ ቤት ነው። ግን ፍርድ ቤት የሚወስነው መዝገቡ ሲደርሰው ነው። «የተፈጥሮ ሞት» የተባለን ሬሳ ማን ብሎ ይከሳል?

በእነዚያ መዝገቦች ደጋግሞ የሚመጣ አንድ የበሽታ ስም አለ፤ ሰው በንዴትና በዕፅ ተቀስቅሶ በራሱ ጊዜ ይሞታል የሚል። በሚኒያፖሊስም ተነሥቶ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2023 የአሜሪካ የአስከሬን መርማሪዎች ማኅበር ለሞት ምክንያትነት አልቀበለውም አለ፤ የድንገተኛ ሕክምና ሐኪሞች ኮሌጅም የ2009 ሰነዱን ሰረዘ። ለዓመታት ግን ስንት ሰው በዚያ ስም ተቀብሯል።

ሚኒሶታም ሜሪላንድም ብዙ ኢትዮጵያዊ የሚኖርባቸው ግዛቶች ናቸው። እንዲህ ያለ ክፉ ቀን የደረሰበት ቤተሰብ ከዚህ ችሎት የሚማረው ነገር አለ። የፍሎይድ ቤተሰብ የመንግሥትን ሪፖርት እጁን አጣጥፎ አልጠበቀም፤ የራሱን ሐኪሞች አምጥቶ አስከሬኑን አስመርምሯል። በሞት ወረቀቱ ላይ ምን ከላይ፣ ምን ከሥር እንደተጻፈ መጠየቅ ነውር አይደለም፤ ለሟች የሚደረግ የመጨረሻ ጥብቅና ነው። ሟች መልስ አይሰጥምና፣ ሙት ወቃሽ ሲነሣ የሚመልስለት ሰው ያስፈልገዋል።