ሥጋ የተወ ሰው ምን በደለ?

የከተማችን ሰው አርባ ዓመቱን አልፎ መጠጥ ቢተው «እሰይ!» ይባላል። ሲጋራ ቢተው ይመሰገናል። «ሥጋ እየተውኩ ነው» ያለ ዕለት ግን ለምርመራ ይቀርባል። ታሞ ይሆን? ሃይማኖቱን ለውጦ ይሆን? ስለት አለበት? ወይስ ኪሱ ሳስቶ ሰበብ እየፈለገ ነው? ከእነዚህ ከአራቱ ሌላ አምስተኛ መልስ ያለ አይመስለንም። «በቃኝ» ማለት እንደ መልስ አይቆጠርም።

እኔ ለዚህ ምርመራ መቅረብ ከጀመርኩ ይኸው አራተኛ ዓመቴን ይዣለሁ። ዕድሜዬ 46 ነው። መጀመሪያ የተውኩት ቁርጥን ነው፤ ቀላሉ እሱ ነበር። ቀጥሎ ጥብስ በሥራ ቀን ከምሳ ገበታዬ ወጣ፤ ቆይቶ ከእሁዱም ቀረ። ክትፎ አንድ ዓመት ሙሉ ታገለኝ። ዶሮ ወጥ ገና አልወጣም፤ በዓመት ሁለት ጊዜ፣ በገናና በፋሲካ፣ እናቴ ቤት ይጠብቀኛል። ወተት፣ እንቁላልና ቅቤ የመተው ሐሳብ ጨርሶ የለኝም። ከሳሾቼም የሚይዙኝ በዚሁ ነው። «ወይ ተው፣ ወይ ብላ! ይህ ምን ዓይነት መተው ነው?» ይሉኛል።

ይህን የሚለኝ ማን ሆነና ነው? ረቡዕ ጾሞ ሐሙስ ጥሬ ሥጋ የሚቆርጥ ሰው! ሁዳዴን 55 ቀን በሽሮና በምስር ከርሞ፣ በፋሲካ ሌሊት ከቤተ ክርስቲያን ሲመለስ ድስት የሚከፍት ሰው! ዓመቱን በሙሉ በመተውና በመመለስ የሚኖር ሕዝብ ቀስ በቀስ መተው እንዴት እንግዳ ይሆንበታል? ሐኪም አስደንግጧቸው በአንድ ሰኞ ሁሉንም እርግፍ አድርገው የተዉ ወዳጆች አሉኝ። ወር ሳይሞላቸው ሥጋ ቤት ደጃፍ ላይ ሰላም ተባብለናል።

ችግሩ ከቋንቋችን የሚጀምር ይመስለኛል። ምግብ በእኛ ዘንድ ወይ የጾም ነው፣ ወይ የፍስክ። በመካከል ስም የለም። ከፋሲካ እስከ ጰራቅሊጦስ ባሉት 50 ቀናት ውስጥ፣ ረቡዕና ዓርብ እንኳ በማይጾምበት ወቅት፣ አንድ ምግብ ቤት ገብቼ ምስር ወጥ ጠየቅሁ።

«ጋሼ፣ ፍስክ እኮ ነው» አለችኝ አስተናጋጇ።

«አውቃለሁ፤ አልጾምም።»

«እንግዲያው ጥብስ ላምጣልዎት?»

ልጅቱ ምንም አላጠፋችም። ጾመኛ ካልሆንኩ ሥጋ በል መሆኔ ለእሷ ጥርጥር የለውም። እኛ ራሳችን ምስርን፣ ክክን፣ ጎመንን ለቅጣት የተመደቡ አድርገን አሳድገናታል። ጾሙ ሲፈታ እነሱም አብረው ከእስር የሚወጡ ይመስል ከምግብ ዝርዝሩ ይሰረዛሉ። አያቶቻችን ግን ለጾም ብለው የፈጠሩት ቅጣት አይመስልም። የሽምብራ ዱቄትን በአሳ ቅርጽ ጠብሰው በወጥ የሚያቀርቡ፣ ባቄላውን በስናፍጭ አብላልተው ስልጆ የሚያደርጉ፣ ሱፉን ወቅጠው አጥልለው የሚፈተፍቱ እጆች ለምላስ የሚጨነቁ እጆች ነበሩ። ዛሬ በከተማችን ስልጆ የሚያቀርብ ምግብ ቤት ፈልጉ! ከውጭ የመጣ የአኩሪ አተር ወተት ግን በየሱፐርማርኬቱ ተደርድሯል። ሥጋ መተውን ዘመናይነት ያደረጉት ወገኖች ይህንን ሲሸምቱ ሳይ፣ ከቁርጥ በላተኞቹ ጋር የምታረቅ ይመስለኛል።

ስለ ጤናው ብዙ አልልም፤ ሥጋ የተውኩት ለመድኃኒትነት አይደለም። የዓለም ጤና ድርጅት የካንሰር ምርምር ተቋም እ.ኤ.አ. በ2015 እንደ ቋሊማ ያሉ የተቀነባበሩ ሥጋዎችን ካንሰር ከሚያስከትሉት ተርታ፣ ቀይ ሥጋን ደግሞ ምናልባት ከሚያስከትሉት ተርታ መድቧቸዋል። የኮሶ ትል ከጥሬ ሥጋ እንደሚመጣ ከማንም የተሰወረ አይደለም፤ ኮሶውን እየጠጡ ቁርጡን መቀጠል የአባቶቻችን ወግ ነበር። በሌላ በኩል ወተትና እንቁላሉንም ጭምር ለዘለቄታው የሚተው ሰው ቢ12 የተባለውን ቫይታሚን በኪኒን ወይም በመርፌ መውሰድ አለበት። ጎመን ይተካዋል የሚለውን ወሬ አትስሙ።

ከባዱ ነገር ሌላ ነው፤ ጉርሻው ነው። «በሞቴ!» ተብሎ የተዘረጋ እጅ ፊት ምን ዓይነት መርሕ ይቆማል? ወዳጆቼ በቁርጡ ዙሪያ ሲሰበሰቡ አብሬ እቀመጣለሁ፤ እንጀራዬን በአዋዜ እያጠቀስኩ ጨዋታውን እጫወታለሁ። እነሱን እንቢ ማለት ተለማምጃለሁ። ገጠር ሄጄ ግን አንዲት እናት ለእኔ ስትል ዶሮዋን አርዳ፣ 12 ብልት አውጥታ፣ ሽንኩርቱን ግማሽ ቀን አቁላልታ ብታቀርብልኝ እበላለሁ። አመስግኜ እበላለሁ። ይህን ግብዝነት የሚለው ካለ ይበል። የእንግዳ ተቀባይን እጅ የሚያሳፍር ሕግ ለራሴ አላወጣም። ቀስ በቀስ የምተወውም አንድም ለዚህ ነው።

የንስሐ አባቴ ደግሞ በሌላ በኩል መጡብኝ። «ልጄ፣ ሁልጊዜ ካልበላህ በጾም ጊዜ ከምን ልትጾም ነው?» አሉኝ። «አባ፣ ቅቤውና ወተቱ አለ፤ ሰዓቱም አለ» አልኳቸው። ሳቁ። እሳቸው እንደሚያውቁት በኦሪት ዘፍጥረት ለሰው መጀመሪያ የተሰጠው ምግብ ዘርና ፍሬ ነው፤ ሥጋ የተፈቀደው ከጥፋት ውሃ በኋላ ነው። ዳንኤልና ሦስቱ ባልንጀሮቹም ከንጉሡ ማዕድ ይልቅ ለ10 ቀን ጥራጥሬ መርጠዋል።

የማልንቀው ክስ አንድ ነው። «ሕዝቡ ሥጋ የሚያየው በዓመት በዓል በቅርጫ ነው፤ አንተ ጠግበህ ትተዋለህ» የሚለው። እውነት ነው። የሚያድግ ሕፃን እንቁላሉም፣ ወተቱም፣ ሥጋውም ያስፈልገዋል፤ ለእሱ እናት «ተዪ» የሚል ሰው እብድ ነው። የእኔ ነገር ከእሷ ጋር አይደለም። በሳምንት አራት ቀን ሥጋ ቤት የሚውለው፣ ቀበቶው ያጠረው፣ ሪህ ያስነከሰው የእኔ ቢጤ ጎልማሳ ጋር ነው። እሱ ጥብሱን ቢተው የድሃው ልጅ ሥጋ አያገኝ ይሆናል፤ ቢበላም አላገኘም።

ምግብ ቤቶችን ግን የምለምናቸው አለኝ። ከሚመጣው ፋሲካ በኋላ ባሉት 50 ቀናት አንዲት ድስት ምስር ከእሳቱ አታውርዱ። ቅቤም ቢገባባት ግድ የለኝም።